አቼቶው መቼ ይግባ? መጋረጃው መቼ ይከፈታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሁለት ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የበዙት ከዱባይ፣ ከቤይሩትና ከማናማ የተመለሱ አንባቢያን የላኳቸው ሲሆኑ፣ እዚያ ከፊሊፒናውያን ጋር የለመዱትን ምግብ አዲስ አበባ ውስጥ በራሳቸው ምድጃ ማብሰል ይፈልጋሉ። የቀሩት ስለ ሙዚቃዊ ቴአትር የሚጠይቁ ናቸው። የመጨረሻዋ ጠያቂ ሁለቱንም በአንድ ቅዳሜ ልታደርግ አስባለች።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ስድስት ዓመት ከፊሊፒናውያን እህቶች ጋር አንድ ቤት ኖሬያለሁ። አዶቦ የሚሉትን፣ በአቼቶና በሶያ ሶስ የሚበስለውን ዶሮ ሲሠሩ ሳይ በጣም ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሁለቴ ጉሮሮ የሚይዝ ኮምጣጣ ሆነብኝ። በሦስተኛው መረቁ ተመጦ አለቀ፣ ዶሮው ግን ገና አልበሰለም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» — ከፒያሳ

መልስ፦ እህታችን፣ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ኮምጣጣነቱ የመጣው ከአቼቶው ብርታት ወይም ከድስቱ ክዳን ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ለአዶቦ የሚውለው አቼቶ ከሸንኮራ አገዳ፣ ከኮኮናት ወይም ከሌላ የዘንባባ ዘር ጭማቂ የሚዘጋጅ ሲሆን አሲዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። እኛ ጋ ሱቅ ከሚደረደሩት ጠርሙሶች መካከል ከዚህ የበረቱ አሉ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 6 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩን ከ20 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቅሉት። 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ሲሆን ወደ 5 ይወርዳል። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ለሰላጣ ያውሉት እንጂ ለአዶቦ አይመኑት።

ክዳኑን በተመለከተ፣ አቼቶው ገብቶ መፍላት ከጀመረ በኋላ ድስቱ ክፍቱን ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ያኔ ነው። ከከደኑት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ፊሊፒናውያን ባለሙያዎች አቼቶው ሳይፈላ አይማሰልም የሚሉት ደንብም አለ። እርስዎም ቢጠብቁት ጥሩ ነው፤ እጅ የማይነካው ድስት ቶሎ ይፈላል፣ ጥሬው ሽታም ቶሎ ይለቃል።

ወደ ጥንካሬው እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ናት። እዚያ 40 ደቂቃ የሚበቃው ዶሮ እዚህ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚያ ትርፍ ጊዜ ደግሞ ውሃው ይተናል። መረቁ ቀድሞ ያለቀብዎት ለዚህ ነው። እሳት መጨመር አያድንም። የሚፈላ ውሃ በትልቅ እሳትም በትንሽ እሳትም ሙቀቱ ያው ስለሆነ፣ እሳት ሲጨምሩ የሚፈጥነው መትነኑ ብቻ ነው። የተጠቀሙት የሀበሻ ዶሮ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሥጋው የጠነከረ፣ ዕድሜውም የገፋ ስለሚሆን ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለአዶቦ የፈረንጅ ዶሮ ታፋና እግር ይሻላል፤ ፈረሰኛው ግን በዚህ ሁሉ መንተክተክ ይደርቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ1 ኪሎ ዶሮ 120 ሚሊ ሊትር አቼቶ (5 በመቶ የሆነ)፣ 80 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከ8 እስከ 10 ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ቤይ ሊፍና አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያዘጋጁ። ዶሮውን እንደ ዶሮ ወጥ በሎሚና በጨው ካጠቡት በደንብ ያለቅልቁት፤ የቀረው ሎሚ ከአቼቶው ጋር ይደመራል። ከዚያ ዶሮውን በሶያ ሶሱና በነጭ ሽንኩርቱ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። አውጥተው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቆዳው ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱት። የዘፈዘፉበትን፣ ውሃውን፣ ቅጠሉንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምረው ሲፈላ አቼቶውን ያፍስሱ። ሳያማስሉና ሳይከድኑ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ በከፊል ከድነው 45 ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት። ሥጋው አጥንቱን መልቀቅ ሲጀምር ክዳኑን አንስተው መረቁን ማንኪያ እስኪቀባ ድረስ ያሳንሱ። ጨው የሚቀመሰው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው፤ መረቁ ሲያንስ የሶያ ሶሱ ጨው እየጎላ ስለሚመጣ ቀድሞ የጨመረ ሰው መመለሻ የለውም። ኮምጣጤው አሁንም ከበረታብዎት አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያክሉ።

የእኛ እጅ በልማድ የሚሠራው ስሕተትም አለ። አዶቦ ቁሌት የለውም። ቀይ ሽንኩርት ከትፈው ካቁላሉ፣ ሽንኩርቱ ጣፍጦና ወፍሮ የሚወጣው ሌላ ወጥ ነው። የአዶቦ መረቅ ቀጭንና የሚያብረቀርቅ፣ ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፍ መሆን አለበት።

ድስቱም ወሳኝ ነው። ብዙ ቤት ያለው ቀላል የአሉሚኒየም ድስት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የብረት ጣዕም ይሰጣል፣ ውስጡም ይለወጣል። አይዝጌ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ይጠቀሙ። ሸክላ ድስት ካለዎት ከሁሉም ይሻላል፤ ፊሊፒናውያንም የቀድሞው ድስታቸው ሸክላ ነው፣ ፓላዮክ ይሉታል። ነገር ግን የወጥ ሸክላዎን አይጠቀሙ፤ ሸክላ የጠጣውን ቅቤና በርበሬ መልሶ ይተፋል።

ጥያቄ፦ «አዶቦን በእንጀራ ብንበላው ምን ይለዋል?» — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የሚከለክል የለም፤ እኛ ግን አንመክርም። እንጀራ ራሱ የቦካና ኮምጣጣ ስለሆነ በአቼቶ ከተሠራ መረቅ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ቀጭኑ መረቅም እንጀራውን ያላሽቀዋል። ነጭ ሩዝ የሚመረጠው የራሱ ኮምጣጤም ጨውም ስለሌለው ነው።

ጥያቄ፦ «ሩዝ ስሠራ ወይ መሐሉ ጥሬ ይሆናል፣ ወይ ገንፎ። ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ጣቷን ሩዙ ላይ አቁማ ውሃውን በአንጓዋ ትለካለች፤ እኔ ስሞክረው አልሠራም።» — ከልደታ

መልስ፦ የጣት አንጓው ልኬት የሚሠራው በለመዱት ድስት፣ በለመዱት ሩዝና በለመዱት አገር ነው። ድስቱ ሲሰፋ በአንድ አንጓ ከፍታ ውስጥ ያለው ውሃ ይበዛል፤ እዚህ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ሩዙ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በኩባያ ይለኩ።

ሩዙን ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ ይጠቡና 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። መሐሉ ጥሬ የሚሆነውን የሚያድነው መዘፍዘፉ ነው፤ ውሃው ከሙቀቱ ቀድሞ ፍሬው ውስጥ ይገባል። ካጠለሉት በኋላ ለ1 ኩባያ ሩዝ 1 ከሩብ እስከ 2 ኩባያ ውሃ ያድርጉ፤ በ1 ከ3 ሩብ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። አፍልተው፣ ከድነው፣ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ 20 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው ሳይከፍቱ ሌላ 15 ደቂቃ ያሳርፉት። መሐል ላይ የሚከፍት ሰው እንፋሎቱን ያባርራል፤ እንፋሎቱ ነው የላይኛውን ፍሬ የሚያበስለው። ባስማቲ ፍሬ በፍሬ የሚበተን ስለሆነ ለዚህ ማዕድ አይስማማም። መጠነኛ የሚያያዝ፣ ክብነት ያለው ሩዝ ይምረጡ።

የተረፈውን ሩዝ ሌሊቱን ምድጃ ላይ አይተዉት። የበሰለ ሩዝ በክፍል ሙቀት ሲያድር መልሶ ማሞቅ የማያጠፋው መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ይራባበታል። ዘርግተው አቀዝቅዘው ማቀዝቀዣ ያስገቡት። ጠዋት 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ወርቃማ እስኪሆን ጠብሰው፣ ቀዝቃዛውን ሩዝ ፈርፍረው ቢያዋሕዱት ሲናንጋግ የሚሉት ቁርስ ይሆናል፤ ከእንቁላል ጥብስ ጋር ይቀርባል። በትኩስ ሩዝ አይሞከርም፣ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ «ሲኒጋንግ የሚባለውን ኮምጣጣ ሾርባ መሥራት ፈልጌ የፓኬት ዱቄቱን አጣሁ። ታማሪንድ በአማርኛ ምንድን ነው? ካልተገኘስ በአቼቶ ይሠራል?» — ከመርካቶ አካባቢ

መልስ፦ ታማሪንድ ሁመር ነው! የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች ጭማቂውን የሚያውቁት ያው ሁመር። እርስዎ ደግሞ ከመርካቶ ቅመም ተራ ቅርብ ስለሆኑ እዚያ ይጠይቁ። ፊሊፒኖች የሚመርጡት ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ እኛ ጋ የሚገኘው የደረቀው ጥቁር ሁመር የበሰለ በመሆኑ ጣፋጭነት ይዟል፣ መረቁንም ያጠቁረዋል። ለ1 ኪሎ ሥጋ 80 ግራም ሁመር በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በእጅ ጨፍልቀው፣ በወንፊት ያጥሉት። ጣፋጭነቱን ለመስበር መጨረሻ ላይ የአንድ ወይም የሁለት ሎሚ ጭማቂ ያክሉበት።

አቼቶን ተዉት፤ ሾርባውን የአዶቦ ሽታ ያሸታዋል። ሁመር ከጠፋ ያልበሰለ ማንጎ ወይም ዘይቱን (ጓቫ) ቀቅለው ጨፍልቀው ይጠቀሙ። ሁለቱም ፊሊፒንስ ውስጥ የታወቁ የሲኒጋንግ ማኮምጠጫዎች ናቸው።

የከበደው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። አንድ ኪሎ የጎድን ሥጋ ከነአጥንቱ በሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ያፍሉ፣ አረፋውን ይግፈፉ። አንድ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም አራት አራት ቦታ ከፍለው ይጨምሩ። ሥጋው እስኪለሰልስ በተራ ድስት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በፕረሸር ኩከር 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ የተላጠ 300 ግራም ጎደሬ ያስገቡ። ከወላይታና ከአካባቢው የሚመጣው ጎደሬ ፊሊፒኖች ጋቢ የሚሉት ያው ሥር ነው፤ ከፊሉ ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። ሲልጡት ጓንት ያድርጉ፣ ሹካ ያለ ችግር እስኪገባው ድረስም ያብስሉት። ያልበሰለ ጎደሬ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የኦክሳሌት መርፌዎች እጅና ጉሮሮ ያሳክካሉ።

ጎደሬው ሳይለሰልስ ሁመሩን አይጨምሩ። አሲድ አትክልት እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ኮምጣጤው ቀድሞ የገባበት ጎደሬና ፎሶሊያ አንድ ሰዓት ቢቀቀልም ልቡ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ጎደሬው መጥፎ ነበር ብሎ የሚያማርረው በዚህ ነው። ጎደሬው ሲበስል 150 ግራም ፎሶሊያና ጥቂት ራዲሽ ጨምረው 8 ደቂቃ፣ ከዚያ የተጠለለውን ሁመርና ሁለት ያልተሰነጠቁ ቃሪያዎች ጨምረው 5 ደቂቃ ያፍሉ። መጨረሻ ላይ አንድ እስር ቆስጣ አግብተው፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተው እሳቱን ያጥፉ። ቅጠል በኮምጣጣ መረቅ ውስጥ ከቆየ አረንጓዴነቱ ወደ ወይራ ቀለም ይለወጣል። ጨው የሚሰጠው የዓሣ ሶስ ነው፤ ካላገኙ ተራ ጨው ይበቃል።

በዓሣ ከፈለጉ ቆሮሶ እጅግ ይስማማዋል፤ እነሱም በየቀኑ የሚበሉት ዓሣ ነው። ያኔ አትክልቱና ሁመሩ ቀድመው አልቀው፣ ዓሣው ለመጨረሻዎቹ 7 ወይም 8 ደቂቃ ብቻ ይገባል።

ጥያቄ፦ «ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ከፊሊፒንስ ምግብ ለጾም የሚሆን አለ?» — ከጊዮርጊስ አካባቢ

መልስ፦ አለ፣ ግን ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ። የዓሣ ሶስና ባጎኦንግ የሚሉት የቦካ የሽሪምፕ ለጥፍ ሳይታወቅ አትክልት ውስጥ ይገባሉ። ፓንሲት ካንቶን የተባለው ቢጫ የስንዴ ኑድል ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ቢሆን የሚባለው ነጭ ቀጭን ኑድል ግን ከሩዝ የሚሠራ ነው፤ የእሱን ፓኬት ይግዙ።

ለጾም የምንወደው ዱባና ፎሶሊያ በኮኮናት ወተት ነው። አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል በዘይት ያቁላሉ፤ እዚህ ቁሌቱ ቦታው ነው። 600 ግራም ዱባ፣ የ400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ግማሹንና አንድ ኩባያ ውሃ ጨምረው 15 ደቂቃ ያብስሉ። 200 ግራም ፎሶሊያ አክለው 8 ደቂቃ ያቆዩት። የቀረውን ወተት መጨረሻ ላይ አፍስሰው ሳይገነፍል ያውርዱት። ወተቱ በኃይል ከፈላ ዘይቱ ተለይቶ እህል እህል የሚል ይሆናል። ለሥጋው ምትክ ደግሞ የእንጉዳይ አዶቦ ይሥሩ፦ 500 ግራም እንጉዳይ፣ ከአቼቶውና ከሶያ ሶሱ 60፣ 60 ሚሊ ሊትር፣ ያለ ውሃ፤ እንጉዳዩ የራሱን ያወጣል። 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ «በመጪው ወር ልጄን ለመጠየቅ ለንደን እሄዳለሁ። ትልቅ ሙዚቃዊ ቴአትር ልታሳየኝ ስለፈለገች የቱን ቀንና የቱን መቀመጫ እንደምመርጥ ትጠይቀኛለች። በወጣትነቴ የብሔራዊ ቴአትርና የሀገር ፍቅር ደንበኛ ነበርኩ፤ ይህን ዓይነቱን ግን አላየሁም። ጉልበቴን ያመኛል፣ እንግሊዝኛዬም መጠነኛ ነው።» — ከሜክሲኮ አካባቢ፣ ጡረተኛ

መልስ፦ አባታችን፣ ከመቀመጫው በፊት ሰዓቱን ይምረጡ። የምሽቱ ትርኢት በአብዛኛው በነሱ አቆጣጠር 7፡30 ላይ ጀምሮ ከ10 ሰዓት በኋላ ያልቃል። በክረምታቸው ለንደን ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ለእርስዎ አካል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በበጋቸው ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በደረሱ ሰሞን ከሆነ ሁለተኛው ክፍል ላይ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ልጅዎ ከሰዓት በኋላ ያለውን ትርኢት ትግዛልዎ፤ እሱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ 2፡30 ገደማ ይጀምራል።

መቀመጫን በተመለከተ፣ የለንደን ማዕከላዊ ቴአትር ቤቶች ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ላይኛው በረንዳ ርካሽ ነው፤ ደረጃው ግን ብዙና ቀጥ ያለ፣ በወንበሮቹ መካከል ያለውም ቦታ ጠባብ ነው። ሊፍት የሌላቸውም አሉ። ለጉልበትዎ ምድር ቤቱ፣ ስቶልስ የሚሉት ይሻልዎታል፤ ከመድረኩ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ድረስ፣ እግር መዘርጊያ እንዲኖርዎ በመተላለፊያው ዳር። የፊተኛዎቹን ሁለት ረድፎች ይተዉ፤ አንገት ያሳምማሉ፣ የዳንሰኞቹን እግርም አያሳዩም። በረንዳው በጣም ወደፊት ወጥቶ ከሆነ ከሥሩ ያሉት የኋላ ረድፎች የመድረኩን የላይ ክፍል ይቆርጣሉ፣ ድምፁም ይታፈናል። ቲኬቱ ላይ እይታ የተከለለበት መሆኑን የሚገልጽ ቃል ካለ አይግዙት። አጥንት ሐኪም የጻፈልዎት ከሆነ ወይም ደረጃ መውጣት የማይችሉ ከሆነ ልጅዎ ቀድማ ቴአትር ቤቱን ትጠይቅ፤ ያለ ደረጃ የሚደረስባቸው ቦታዎች አሏቸው፣ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው።

እርስዎ ከሚያውቁት ቴአትር የሚለየው ዘፈኑ የሚሠራው ሥራ ነው። በእኛ መድረክ ዘፈን ብዙ ጊዜ ታሪኩን አጅቦ ወይም በድራማው መካከል ማረፊያ ሆኖ ይመጣል። በጥሩ ሙዚቃዊ ቴአትር ግን ታሪኩ የሚራመደው በዘፈኑ ውስጥ ነው። ሰውየው መዝፈን ሲጀምር አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሲጨርስ ወስኗል፣ ወይም ተሸንፏል። ስለዚህ ዘፈኑ ሲመጣ ዘና ከማለት ይልቅ ጆሮዎን ያቁሙ። ዋናው ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚናገርበት ዘፈን በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ እሱን የያዘ ሰው ቀሪውን ቋንቋ ባይረዳ እንኳ ታሪኩን አይስትም። ቀድሞ የሰሙት ዜማ በሁለተኛው ክፍል ተቆርጦና ግጥሙ ተለውጦ ሲመለስ ያስተውሉ። የዚያ ሰው ልብ መለወጡን የሚናገረው እሱ ነው።

ለእንግሊዝኛው ጉዳይ፣ የተዘፈነ ቃል ለተወላጁም ለመስማት ይከብዳል። ልጅዎ ታሪኩን እስከ መጨረሻው በአማርኛ ትንገርዎት፤ መጨረሻውን ማወቅ እንዲህ ያለውን ትርኢት አያበላሽም። የተቀዱትን ዘፈኖች ሦስት ወይም አራት ብቻ አስቀድመው ያድምጡ። ሁሉንም ከሰሙ መድረኩ የሚያስደንቅዎት ነገር ይቀንሳል።

30 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። የዘገየ ሰው አመቺ ክፍተት እስኪመጣ በር ላይ ይጠብቃል፤ ያ ክፍተት 15 ደቂቃ ሊርቅ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ሙዚቀኞቹ ብቻ የሚጫወቱበት መክፈቻ ሊኖር ይችላል፤ እሱም የትርኢቱ አካል ስለሆነ አይወራበትም። አንደኛው ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዕረፍቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፣ የመጸዳጃ ሰልፉ ግን ረጅም ስለሆነ መብራት እንደበራ ይነሡ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዘፈን በኋላ ይጨበጨባል። ዜማውን ቢያውቁትም አብሮ መዝፈን ግን የጎረቤትን ቲኬት መቀማት ነው።

ጥያቄ፦ «ፊሊፒናውያን ዘፋኞችን በየሆቴሉና በየመድረኩ እናያለን። የራሳቸው ሙዚቃዊ ቴአትር አላቸው?» — የቴአትር ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ አላቸው፤ ሳርስዌላ ይባላል። ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ሳርስዌላ፣ ከስፔኑ ሳርዙዌላ ወጥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማኒላ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በታጋሎግና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች ይጻፍ ጀመር። ከሁሉ የታወቀው ሴቬሪኖ ሬየስ የጻፈው «ዋላንግ ሱጋት» ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ማኒላ ውስጥ ታየ። ትርጉሙ «ቁስል የለም» እንደ ማለት ነው። ጀግናው በጦርነቱ ክፉኛ ቆስሎ የሚሞት መስሎ ይመጣና የመጨረሻ ምኞቱ የሚወዳትን ልጅ ማግባት እንደሆነ ይለምናል። ጋብቻው ሲፈጸም ብድግ ይላል፤ ሰዉም «ቁስል የለም!» ብሎ ይጮኻል። የዘመኑ ተመልካች ከዚህ ሳቅ ሥር ያለውን ያውቃል። ስፔኖች ሄደው አሜሪካኖች ተተክተው ነበር፤ በ1901 የወጣው የአድመኝነት ሕግም የነፃነት ጥያቄ በመድረክ ያነሡ ጸሐፊዎችን ለእስር ዳርጓል።

ያንን ወግ ሲኒማ ቢያዳክመውም የዘፈን ችሎታው አልጠፋም። በ1989 ለንደን ውስጥ «ሚስ ሳይጎን» ሲከፈት የማኒላዋ ሊያ ሳሎንጋ ዋናዋ ተዋናይ ነበረች፤ በ1991 በዚሁ ሚና ኒውዮርክ ላይ የቶኒ ሽልማት ወስዳለች። ለጥናትዎ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ሳርስዌላው ይጠቅምዎታል። የውጭ ቅርጽ በአገር ቋንቋ፣ በአገር ዜማና በአገር ጉዳይ እንዴት እንደሚሞላ እዚያ ይታያል።

ጥያቄ፦ «ቅዳሜ ልደቴ ነው። ስምንት ሆነን ከቀኑ 8 ሰዓት ቴአትር እንገባለን፤ 12 ሰዓት ገደማ ቤቴ ደርሰን የፊሊፒንስ እራት መብላት እንፈልጋለን። እንግዶቼን ሳላስርብ እንዴት ላድርገው? ፓንሲት የግድ ነው ይላሉ።» — ከካዛንቺስ

መልስ፦ መልካም ልደት! ኑድሉ ረጅም ዕድሜን ስለሚያመለክት ፓንሲት በልደት ይበላል፤ ስለዚህ ሳይቆረጥ ነው የሚሠራው። ችግሩ ቀድሞ የተሠራ ፓንሲት መረቁን ጠጥቶ ይላሽቃል። እሱን ለመጨረሻ ትተሽ ሌላውን አስቀድሚ።

አዶቦውን ዓርብ ማታ ሥሪው፤ ያደረ አዶቦ ከትኩሱ ይጣፍጣል፣ ሥጋው መረቁን ይጠጣልና። ለ8 ሰው 2 ኪሎ ተኩል ዶሮ ይበቃል። ለ1 ኪሎ ያልነውን በሁለት ተኩል አታባዢው፤ በትልቅ ድስት ከሚገባው ውሃ የሚተነው ድርሻ ያንሳል። 250 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 180 ሶያ ሶስና 600 ውሃ ይበቃል። እንደወረደ በሁለት ጠፍጣፋ ዕቃ ከፍለሽ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ማቀዝቀዣ አስገቢው። ትልቅ ድስት ከነሙቀቱ ቢገባ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ከፊሉን አንሺው።

ሉምፒያ የሚሉት በሥጋ የተሞላ ጥብስ ጥቅልም ዓርብ ይጠቀለላል። የሳምቡሳ ስስ ቂጣ ይሆነዋል፤ ቅርጹ ግን ሦስት ማዕዘን ሳይሆን ጣት የሚያህል ቀጭን ጥቅል ነው። ሥጋው ጥሬውን ስለሚገባ ከወፈረ ውጩ ሲያር ውስጡ አይበስልም። 500 ግራም የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ እንቁላል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ለ30 ገደማ ይሆናል። ካሮቱንና ሽንኩርቱን ከፈቀፈቅሽ በኋላ በጨርቅ ጭመቂው፤ ውሃ የያዘ ሙሌት ዘይቱን ያንጣጣል፣ ቂጣውንም ያፈነዳል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው።

ቅዳሜ ጠዋት ለፓንሲቱ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮትና 150 ግራም ፎሶሊያ ከትፈሽ በየዕቃው አስቀምጪ፣ ሩዙንም ለክተሽ እጠቢው። 4 ኩባያ ደረቅ ሩዝ ለስምንት ሰው በቂ ነው። ከቴአትሩ በፊት ቀለል ያለ ምሳ ብሉ፤ በባዶ ሆድ ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ሁለተኛውን ክፍል ያበላሻል።

ቤት እንደገባችሁ መጀመሪያ ሩዙን ዘፍዝፊና አዶቦውን በዝግታ ማሞቅ ጀምሪ። ሩዙ በተጣደ ጊዜ ግማሽ ኪሎ የሩዝ ኑድል በቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ ንከሪ። የፈላ ውሃ አታፍስሺበት፣ ይፈርሳል። በሰፊ መጥበሻ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ጠብሰሽ፣ አትክልቱን 3 ደቂቃ አገላብጠሽ አውጪው። በዚያው መጥበሻ 900 ሚሊ ሊትር የዶሮ መረቅና 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ አፍልተሽ ኑድሉን ጨምሪ፤ በሁለት ሹካ እያነሣሽ መረቁን እስኪጠጣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል። አትክልቱን መልሺው። በጎኑ የሚጨመቀው ካላማንሲ እኛ ጋ የለም፤ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ከአንድ መንደሪን ጋር ስትቀላቅዪው በጣም ይቀርበዋል።

ሉምፒያው መጨረሻ ላይ፣ እንግዶቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ይጠበስ። በረዶውን ሳታቀልጪ፣ አምስት አምስቱን፣ በመካከለኛ እሳት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ብዙ አንዴ ከጨመርሽ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ቂጣው ዘይት ይጠጣል። ለመንከሪያ አቼቶ፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ ቀላቅለሽ ጠረጴዛው ላይ ቀድመሽ አስቀምጪው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ነጭ ሽንኩርቱ ይለዝባል።